ይቅርታ ዋጋ እንዲኖረው፦ የመንፈሳዊ አጭር ልብወለድ አጻጻፍ

ብዙ መንፈሳዊ ታሪክ የሚሰናከለው መጨረሻው ላይ ነው። በዳዩ ያለቅሳል፣ ተበዳይዋ ታነሣዋለች፣ አንድ ጥቅስ ይነበባል፣ ታሪኩ ያልቃል። አንባቢ «አሜን» ብሎ ገጹን ያጥፈዋል፤ ልቡ ግን አላመነም። ችግሩ የእምነት ማነስ አይደለም። ደራሲው ዕዳውን ሳይቆጥር ሰርዞታል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ ይቅርታ ሲያስተምር ቁጥር አስቀምጦ ነው። አንዱ ባሪያ እልፍ መክሊት ነበረበት፤ እሱ ያነቀው ባልንጀራው ደግሞ መቶ ዲናር። ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ስለነበር መቶው ከሦስት ወር በላይ የሚለፋበት ገንዘብ ነው። ከእልፍ መክሊት ጋር ሲተያይ ኢምንት ይሁን እንጂ ለድሃ ሰው ቀላል አይደለም። ምሳሌው የሚያሳምመው ይህ ትንሹ ዕዳም እውነተኛ ዕዳ ስለሆነ ነው። ስለ ይቅርታ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ከዚሁ ይጀምር፦ ስንት? ከማን? ምን ያህል ጊዜ?

ከዚህ በታች ያለው ምክር 4,500 ቃላት ያህል ለሚሆን አጭር ልብወለድ ነው። ለረጅም ልብወለድ የሚጨምረው የትዕይንት ብዛት እንጂ መሠረቱ ያው ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

ወርቅነሽ ኩዌት ውስጥ 6 ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራለች። ቤት እንዲሠራላት ለታናሽ ወንድሟ ለጌትነት በየወሩ 8,000 ብር ትልክ ነበር። እሱ ደግሞ በኢሞ ፎቶ ይልክላታል፦ መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ቆርቆሮው ሲመታ። ስትመለስ ቤት የለም። ፎቶዎቹ የሌላ ሰው ቤት ናቸው። እናታቸው በሕይወት አሉ። ጌትነት ግን እሷ ከመምጣቷ ከጥቂት ወራት በፊት ንስሐ ገብቷል፤ ከልቡ ነው የገባው። ታሪኩ የሚከብደው የእሱ ንስሐ እውነተኛ በመሆኑ ነው። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ማባረር ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ መዝገቡ

የታሪኩን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የተወሰደውን፣ በሁለተኛው ሊመለስ የሚችለውን፣ በሦስተኛው ከቶ የማይመለሰውን ጻፉ።

የተወሰደው፦ 72 ወር በ8,000 ሲባዛ 576,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 96,000ው ለእናታቸው ሕክምናና መድኃኒት ወጥቷል፤ ወርቅነሽ ብትጠየቅ እሺ የምትለው ወጪ ነው። 180,000ው በጌትነት ስም የተገዛች ባጃጅ ናት፤ ኋላ በኪሳራ ተሸጣለች። ቀሪው 300,000 በስፖርት ውርርድ ቤት አልቋል። ይህን ያህል መከፋፈል ያስፈለገው ለጌጥ አይደለም። የእናትየው 96,000 ብር ጌትነት የሚደበቅባት ጥግ ናት። ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሣት እሷን ነው፤ ውሸት ስላልሆነችም መልስ ታሳጣለች። በዳይ ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ እውነት ይኑረው። ሙሉ በሙሉ ክፉ የሆነ ሰው ይቅር ሲባል አንባቢ ተአምር ያያል እንጂ ሰው አያይም።

ሊመለስ የሚችለው፦ ጌትነት አሁን በጥበቃ ሥራ በወር 5,000 ብር ያገኛል። ከዚያ ላይ 2,000 ቢመልስ 480,000ውን ጨርሶ ለመክፈል 240 ወር፣ ማለትም 20 ዓመት ይፈጅበታል። ዘኬዎስ በሉቃስ ምዕራፍ 19 አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ባለጠጋ ስለነበር ይችላል። ጌትነት በአራት እጥፍ ሒሳብ 1,920,000 ብር ሊመጣበት ነው። የታሪኩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ይታሰራል፦ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ነው፤ አልችልም ብሎ ግን መቀመጥ አይገባውም። በኦሪት ዘሌዋውያንም የቀማ ሰው ዋናውን ከነአምስተኛ እጁ ለባለቤቱ መልሶ ነው መሥዋዕቱን ወደ ካህኑ የሚያመጣው። መንገዱ ወደ መሠዊያው የሚወስደው በተበዳዩ ደጅ በኩል ነው።

የማይመለሰው፦ 6 የወጣትነት ዓመት። «ቤቴ ካለቀ በኋላ» እያለች የመለሰችው የትዳር ጠያቂ። ከሁሉ በላይ ፎቶዎቹ። በየምሽቱ እያሰፋች የምታያቸው፣ ለማዳሟም ሳይቀር «ይኸ ቤቴ ነው» ብላ ያሳየቻቸው ፎቶዎች። ይህ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የሒሳብ ክርክር ነው፤ ታሪክ ገና አልያዛችሁም። ዓምዱን በአንድ የሚዳሰስ ነገር ሙሉት፤ ያ ነገር ከመጀመሪያው ትዕይንት እስከ ኑዛዜው ድረስ እየተመላለሰ ይሠራላችኋል። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንዴት እንዳደረገው እዩ፦ ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ በፍም እሳት አጠገብ ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ በባሕሩ ዳር «ትወደኛለህን» ተብሎ ሦስት ጊዜ የተጠየቀውም የፍም እሳት በነደደበት ስፍራ ነው። ዮሐንስ «ይህን አስታውሱ» አላለም። ፍሙን አስቀምጦ አለፈ።

ሦስት ነገር በአንድ ትዕይንት አይገባም

ይቅር ማለት፣ መታረቅና መልሶ ማመን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በተበዳዩ ልብ ውስጥ ሊፈጸም ይችላል። ሁለተኛው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ ደግሞም በልመና አይገኝም። ሦስቱን በአንድ እቅፍ የጨረሰ ታሪክ ሦስቱንም ያጣል።

ለዚህ ከዮሴፍ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ራቡ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ራሱን ለወንድሞቹ ገለጠ፤ ከተሸጠ ወደ 22 ዓመት ሆኖት ማለት ነው። ያዕቆብ ከዚያ በኋላ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። አባታቸው እንደሞተ ወንድሞቹ «ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል» ብለው ፈሩ። 17 ዓመት ሙሉ በእጁ እየበሉ ይቅርታውን አላመኑትም ነበር። ዘፍጥረት 50 ላይ ዮሴፍ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ይቅር የተባለ ሰው ይቅር መባሉን ማመን ሲያቅተው የሚያሳይ ትዕይንት በእኛ መንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ በጣም ያንሳል። አንድ እንኳ ብትጽፉ ታሪካችሁ ከብዙዎቹ ይለያል።

የትዕይንቱ ድልድል

4,500ውን ቃል እንዲህ ብትደለድሉት ይሠራል። ለመመለሷና ባዶውን ቦታ ለምታይበት 900፤ ለጌትነት የመጀመሪያ፣ የተበላሸ ይቅርታ ጥየቃ 400፤ ለሽማግሌዎቹ 600፤ ወርቅነሽ ብቻዋን ከእግዚአብሔር ጋር ለምትሟገትበት 400፤ የድሮው ፈተና ተመልሶ ለሚመጣበት 700፤ ለእውነተኛው ኑዛዜ 600፤ ከይቅርታው በኋላ ለሚሆነው 900። የመጨረሻውን አትቀንሱበት። ከታሪኩ አምስተኛ እጁ ከይቅርታው በኋላ ካልዋለ ሁለተኛ ዕድል የሚባለው ነገር ገጹ ላይ ቦታ አያገኝም።

ታሪኩን ከማን ዐይን እንደምታዩት አስቀድማችሁ ወስኑ። ከጌትነት ዐይን ከሆነ አንባቢው የሚጓጓው ለእሱ እፎይታ ነው፤ ይቅርታውም እንደ ሽልማት ይመጣል። ከወርቅነሽ ዐይን ከሆነ ይቅርታው ውሳኔ ይሆናል፤ እምቢ ማለትም እንደምትችል አንባቢው ያውቃል። ለአጭር ልብወለድ ሁለተኛው ይመረጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በፈተናው ትዕይንት፣ ወደ ጌትነት መዞር ይቻላል፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያኑን በስሙ እወቁት

«ክርስቲያን» ብሎ የተወው ታሪክ ሽታም ድምፅም የለውም። ወርቅነሽና ጌትነት ኦርቶዶክስ ከሆኑ ጌትነት የሚናዘዘው ለንስሐ አባቱ ነው፤ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት። የሰው ገንዘብ ከወሰደም «መልስ» ይባላል። የንስሐ አባት የሰሙትን ለማንም አይናገሩም። ስለዚህ «ቄሱ ለእህትየዋ ነገሯት» የሚል ሴራ ታሪኩን ያፈርሰዋል፤ የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ላይ ይተዋችኋል። ለስቅለት ምእመናን ቀርበው ጀርባቸውን በወይራ ቅጠል ይጠበጠባሉ፣ ስግደትም ይታዘዝላቸዋል። ጌትነት የታዘዘለትን ሰግዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ቀና ሲል እህቱን ከሴቶች ወገን ካያት አንድ ሙሉ ትዕይንት አላችሁ፤ ስግደቱ አልቋል፣ 480,000ው እንዳለ ነው።

ቅዳሴው ራሱ ትልቅ ነገር ይሰጣችኋል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጡ ሲያዝዝ ሕዝቡ ወዲህና ወዲያ እየዞረ እጅ ይነሣል። ወርቅነሽ ወደየት ትዞራለች? በቤትስ ማታ ማታ «አባታችን ሆይ» ስትል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋ ጋ ስትደርስ ምን ታደርጋለች? ትዘላታለች? ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች? ለብቻ ሙግቷ የተመደበው 400 ቃል በዚህ በአንዱ ላይ ይዋል እንጂ በሁለቱም አይባክን። ጸሎቷን ስትጽፉም ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል፤ ሳይጨርስ የሚቋረጥ ጸሎት ከተሟላው ይልቅ የሰው ይመስላል።

ሰዎቹ ወንጌላውያን ከሆኑ መልኩ ይለወጣል። ጌትነት በጉባኤ ፊት ቆሞ ምስክርነት ሊሰጥ ይችላል፤ «ገንዘብ አጥፍቼ ነበር፣ ጌታ ግን ማረኝ» ይላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ወርቅነሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የራሷ ጉዳት ለሌላ ሰው ምስጋና ሲሆን ትሰማለች። እሷን ሳይጠይቅ ከመድረክ ስለተናገረ ምስክርነቱ ራሱ ሌላ ቁስል ይሆናል። እዚህ ላይ ምስክርነትን አታቃልሉ፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። ማቴዎስ 5 ላይ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ሄዶ ከወንድሙ የሚታረቀውን ሰው አስቡ። ሁለቱን ቤት ግን አትቀላቅሉ፤ የንስሐ አባት ያለው ሰው «ፓስተር» አይልም።

ሽማግሌዎቹ

በእኛ አገር ይቅርታ የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያልቅም፤ ሽማግሌ ይላካል። ጌትነት ድንጋይ ተሸክሞ በራፍ ላይ ይንበረከካል፣ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ይላሉ፣ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ» ይላሉ። አብዛኛው ጸሐፊ ይህን ትዕይንት የይቅርታው መድረሻ ያደርገዋል። እኛ በታሪኩ አንድ ሦስተኛ ላይ እናስቀምጠውና ያልተሳካ እናድርገው። በሰው ፊት፣ በእናት ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም የተጠየቀች ሴት እምቢ ለማለት ቦታ የላትም፤ እምቢ ማለት የማይቻልበት ይቅርታ ደግሞ ገና አልተሰጠም።

ሽማግሌዎቹን ክፉ አታድርጉ። በአንድ ግቢ ውስጥ የቆየ ቂም ምን እንደሚያቃጥል አይተዋል፤ የሚቸኩሉት ለዚህ ነው። ወርቅነሽም አትዘልፋቸው፤ ታላላቆቿ ናቸው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ።»

ወርቅነሽ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች።

«ስለ እግዚአብሔር ብዬ ድንጋዩን ያውርድ» አለች። «አንገቱን ይጎዳዋል። ሌላውን ግን አልጨረስኩም አባቴ።»

ድንጋዩ ወረደ፤ ነገሩ አልወረደም። ትንሽ ርኅራኄ አስገብታችሁ ይቅርታውን አዘገያችሁ። አንባቢ ወርቅነሽን የሚወዳት እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ፈተና ተመልሶ ይምጣ

ሰው መለወጡ በእንባው አይታወቅም። ዘፍጥረት 37 ላይ ዮሴፍን እንሽጠው ያለው ይሁዳ ነው። ዘፍጥረት 44 ላይ ዮሴፍ ጽዋውን በብንያም ጆንያ አስደብቆ ያንኑ ፈተና መልሶ አቀረበላቸው፤ ታናሹን ትተው መሄድ ይችሉ ነበር። ይሁዳ ቀርቦ «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» አለ። ዮሴፍ ራሱን መግታት ያቃተው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው። ሕጉ ይኸው ነው፦ ያው ሰው፣ ያው ፈተና፣ ሌላ ምርጫ።

ለጌትነት ያው ፈተና ማለት የሰው ገንዘብ በእጁ መግባቱ ነው። እናትየው እቁብ ደርሷቸዋል፣ 60,000 ብር። እግራቸውን ስላመማቸው «አንተ ተቀበልልኝ» ብለው ይልኩታል። ገንዘቡን በጃኬቱ ውስጥ ይዞ በውርርድ ቤቱ በር ያልፋል። እዚህ ላይ ብቻ ወደ እሱ ዐይን ግቡና 700ውን ቃል ሳትሳሱ አውሉት። በግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን፣ ስሙን የሚጠራውን የድሮ ጓደኛ፣ «አንዴ ብቻ፣ በአንዴ ዕዳዋን ሁሉ ልከፍልላት እችላለሁ» የሚለውን ሐሳብ ጻፉ። ፈተና እንደ ኃጢአት ሆኖ አይመጣም፤ ለጌትነት የሚመጣው እንደ ካሳ መክፈያ ሆኖ ነው። የመልአክ ድምፅ አታስገቡ፣ ድንገት የሚደወል ደወልም አይኑር። ይለፍ፤ እየከበደው ይለፍ።

ወርቅነሽ ይህን አላየችም፤ እሱም አይነግራትም። ታዲያ እንዴት ትወቅ? እናትየው ማታ ገንዘቡን ቆጥረው ሲያበቁ እንዲህ ይላሉ፦ «ሙሉ ነው። ሲመጣ እኮ ለታክሲ ከጎረቤት 20 ብር ተበድሮ ነው የመጣው።» 60,000 ብር በደረቱ ይዞ ሳንቲም አልነካም። ወርቅነሽ መልስ አትሰጥም፤ ጎረቤቷ ጋ ሄዳ 20 ብሩን ትከፍላለች። እንዲህ ያለ ትንሽ፣ ከተናገሩት ይልቅ የሚናገር ማስረጃ ካላገኛችሁ የልቧን መለወጥ ለመግለጽ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ያስፈልጋችኋል፤ ያም ቢሆን አያሳምንም።

ኑዛዜው

የመጀመሪያው ይቅርታ ጥየቃ ለምን ተበላሸ? ጌትነት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው»፣ «ያለፈው አለፈ እታለም»፣ «ለእማዬ መድኃኒትም እኮ ወጥቷል» ስላለ ነው። ሦስቱም በዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጡታል። ሁለተኛው ኑዛዜ የሚለየው በለቅሶ ብዛት አይደለም፤ ዝርዝሩን በመናገሩ ነው። እሷም ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ከሦስተኛው ዓምድ ትጠይቀው።

«ፎቶው የማን ቤት ነበር?»

ጌትነት ቀና አላለም። «ከወንዙ ማዶ ያለው። የጋሽ ተሾመ።»

«ቆርቆሮው ሲመታ የላክህልኝስ?»

«እሱም የሳቸው ነው። ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ ነበር የማነሣው።»

«ለማዳሜ አሳይቻት ነበር» አለች። «ይኸ ቤቴ ነው ብዬ።»

ዝም አለ። ቆይቶ «አላውቅም ነበር» አለ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይ። አውቅ ነበር። ደስ እንዲልሽ ነበር የምልከው። ደስ ካለሽ አትጠይቂኝም።»

የመጨረሻዋ መስመር ጌትነትን የምትከስ እሱ ራሱ የተናገራት ቃል ናት። እሷ ያልጠየቀችውን እውነት ራሱ ሲጨምር ኑዛዜ ሆነ። በዳይ ከተጠየቀው ይልቅ አንድ እርምጃ ጨምሮ እውነት መናገሩ የንስሐ ምልክት ነው፤ በእያንዳንዱ የኑዛዜ ትዕይንት ውስጥ ይህችን እርምጃ ፈልጉ።

የእሷ መልስ አጭር ይሁን። «ይቅር ብዬሃለሁ» ካለች በቂ ነው፤ ትርጓሜ አትስጥ፣ ጥቅስ አትጥቀስ። በዚያው ቀን በሁለት ምስክር ፊት የዕዳ ውል ቢፈራረሙ ደግሞ የተሻለ ነው። ሰው በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ አጥፍቶ ሲገኝ በወንጀል ሕጉም እምነት በማጉደል ሊጠየቅ ይችላል፤ ወርቅነሽ ክሱን ትታ ውሉን ብትይዝ ይቅርታዋ አይጎድልም። በየወሩ የሚከፍለው 2,000 ብር ለእሷ ከሚሰጠው ገንዘብ ይልቅ ለእሱ የሚመልሰው ሰውነት ይበልጣል። ፍርድና ምሕረት አብረው የሚቀመጡበት ወረቀት በትረካ ውስጥ ከእቅፍ ይበልጥ ይታያል።

ሁለተኛ ዕድል ሥራ ነው

ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት በማርቆስ ምክንያት ነው። በሐዋርያት ሥራ 13 ማርቆስ ከጵንፍልያ ጥሏቸው ተመለሰ፤ በምዕራፍ 15 ጳውሎስ አልወስደውም አለ፤ በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ጳውሎስ ራሱ ማርቆስን ይዘህ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ጻፈ። በመካከል ያለው አልተተረከም፤ ግን አንድ ሰው በማርቆስ ላይ ስሙንና ጓደኝነቱን አስይዟል። ታሪካችሁ በርናባስ ይፈልጋል፦ ጌትነትን የመጋዘን ቁልፍ አስይዞ የቀጠረው ሰው፣ «እኔ ዋስ ነኝ» ያለ ጎረቤት። ሁለተኛ ዕድል ያለ ዋስ አይመጣም፤ ዋሱም የሚያጣው ነገር ይኑረው።

ከዚያ የተመለሰው እምነት በምን ልክ እንደሆነ አሳዩ። ጴጥሮስ ይቅር መባሉ የታወቀው «በጎቼን ጠብቅ» ሲባል ነው። ወርቅነሽ ለጌትነት የቤት ሥራ ገንዘብ አትሰጠውም፤ ገና ነው። የእናትየውን የወር መድኃኒት እንዲገዛ 1,200 ብር ትሰጠዋለች፤ ደረሰኙን እንዲያመጣም ትነግረዋለች። ደረሰኝ መጠየቋ አያሳፍራት። እሱም በየወሩ 2,000 ብር ያስገባበትን የባንክ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ በዚያው በኢሞ ይልካል፤ የውሸቱ ፎቶ ይሄድበት በነበረው መስመር። በሦስተኛው ወር ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደምታስብ ጻፉ፤ በማግስቱ ፎቶው ሲመጣም መጠርጠሯ ምን እንዳደረጋት ጻፉ። 900ው ቃል ለዚህ ነው የተቀመጠው።

የማይጻፍ መጨረሻ

ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር ወይም በሕፃን ላይ የተፈጸመ ግፍ ያለበት ታሪክ ከሆነ ተበዳይዋን ወደ በዳዩ ጣሪያ ሥር የሚመልስ መጨረሻ አትጻፉ። ይቅር ማለት በአንድ ቤት መኖር አይደለም፤ ክስ ማንሣትም አይደለም። ታሪካችሁን የምታነብ አንዲት ሴት ዛሬ ማታ ውሳኔዋን በእናንተ ገጽ ላይ ልትመሠርት ትችላለችና ይህ የአጻጻፍ ምርጫ ብቻ አይደለም። ዳዊት በ2ኛ ሳሙኤል 12 ኃጢአቱ እንደተወገደለት ከናታን ሰማ፤ የሥራው ውጤት ግን ቤቱን አልለቀቀም። ይቅር የተባለ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጨርስ መንፈሳዊ ታሪክ ሙሉ ነው።

ሌሎች ሦስት አቋራጮችም አሉ። የእናት የሞት አልጋ እንደ ሽማግሌዎቹ ነው፤ እምቢ ማለትን ይነጥቃል፤ እናትየውን በሕይወት አቆዩአቸው። ሕልም ችግር ሊከፍት ይችላል እንጂ አይዝጋ፤ የፈርዖን ሕልም እንኳ ዮሴፍን የሰባት ዓመት እህል የማከማቸት ሥራ ውስጥ ነው ያስገባው። ሦስተኛው ፈጥኖ የሚመጣ ብልጽግና ነው፦ ይቅር ባለች በሳምንቱ ሎተሪ የሚወጣላት፣ ውጭ አገር ያለ ሀብታም የሚያገባት ሴት። እንዲህ ከሆነ ይቅርታዋ ንግድ ሆነ።

እርማቱ

ረቂቁን ጨርሳችሁ አንድ ሳምንት አስቀምጡት። ከዚያ ሦስት ቀለም ይዛችሁ አንብቡ። በአንዱ ጥቅሶቹን አስምሩ፤ በ4,500 ቃል ውስጥ ከሁለት ከበለጡ ትርፎቹን አውጡ፤ የቀሩትንም በሰባኪ አፍ ሳይሆን በማይጠበቅ ሰው አፍ አድርጉ። በሁለተኛው እንባውን አስምሩ፤ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ እሱም የበዳዩ ባይሆን ይመረጣል። በሦስተኛው ቀለም «ተጸጸተ»፣ «ልቧ ተነካ»፣ «ሰላም ተሰማት» የሚሉትን አስምሩና በእያንዳንዱ ፈንታ የእጅ ሥራ ተኩ፤ ሰረዘች፣ ቆጠረ፣ ደረሰኙን አጠፈች።

ቀጥሎ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጌትነት እህቱን «እታለም» የሚላት ከሆነ ሲቆጣም ሲፈራም እንዲሁ ይበላት። ሽማግሌዎቹ በ«አንቺ» ሲያናግሯት እሷ በ«እርስዎ» ትመልስ። መንፈሳዊ ንግግር የሚመስል ግን በቤት ውስጥ ማንም የማይናገረው ዓረፍተ ነገር ጆሮ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

በመጨረሻ ከቤተ ዘመድ በደል የደረሰበት አንድ ሰው ፈልጋችሁ አስነብቡት። «ወደድከው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የት ላይ ነው የተናደድከው?» በሉት። ጣቱን የሚያሳርፍበት አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅነሽ ከልቧ ቀድማ እንድትናገር ያደረጋችሁበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ሙሉ ትዕይንት ጨምሩ፣ የጨመራችሁትን ያህልም ከመግቢያው 900 ቃል ላይ ቀንሱ።